ለአንድ እግር የተጾመ ሑዳዴ

ዓለምሰገድ ገና ጢም ሳያበቅል ቀኝ እግሩ ተሰበረ። የተሰበረውም ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ለማረፍ ያዘቀዘቀ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አንዱ የሌላውን «አቀብለኝ!» ስለማይሰማ ጨዋታው ለአፍታ ይቆም ነበር። ወጌሻው እግሩን በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረና «ይሄ ልጅ መራመዱን ይራመዳል፤ ኳሱን ግን ይርሳው» ብሎ ሄደ። ዓለምሰገድ ደግሞ እናቱን ሊረሳ ይችላል እንጂ ኳስን የሚረሳ ልጅ አልነበረም። ምርኩዙን ተደግፎ እያነከሰ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ከቅጥሩ ጥግ ቆሞ ለሚካኤል ተሳለ።

ሌላው ሰው ሲሳል ጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፣ ያለው ደግሞ መጋረጃ ይሳላል። እሱ ኪሱ ባዶ ስለነበር ያለውን ተሳለ፤ ሆዱን። «ይህ እግሬ ድኖ ኳስ ከመታሁበት፣ ኳስ እስካቆምኩበት ቀን ድረስ ሑዳዴን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ እጾማለሁ» አለ። ትንሽ አሰብ ቢያደርግ ኖሮ በዚህ ስለት የሚራበው ያው የዳነው እግር መሆኑ ይገባው ነበር። ግን በዚያ ዕድሜ ማን አሰብ ያደርጋል? እግሩ ዳነ፣ ኳሱም ተመታ፣ ስለቱም ጸና።

እናቱ ወይዘሮ አፀደ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምነው ልጄ፣ ጥላ ብትሳል እኔ ለቃቅሜም ቢሆን አልገዛልህም ነበር?» አለችው። አንዴ ከአፍ ወጥቷል፣ ምን ይደረግ።

ጊዜው ደርግ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ኳስ ተጫውቶ የሚኖር ሰው በስም ደረጃ አልነበረም። ተጫዋች ሁሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ይባላል። ልዩነቱ ትልልቆቹ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ከደመወዝ ቀን በቀር ቢሮ አያስጠጓቸውም፤ ትንንሾቹ ግን ጠዋት ያሠሯቸውና ከሰዓት ያጫውቷቸዋል። ዓለምሰገድ የተቀጠረው ከትንንሾቹ ባንዱ ነው፤ ገርጂ ያኔ የስንዴ ማሳ ነበርና፣ ከማሳው ዳር በቆመ የጆንያ ፋብሪካ ውስጥ። እስከ ምሳ ሰዓት ጆንያ ይሸምናል፣ ከምሳ በኋላ የፋብሪካው ቡድን አጥቂ ነው። ግማሽ ሸማኔ፣ ግማሽ ኳሰኛ፤ በሁለቱም ሙሉ ሰው የመሆን ዕድል ያላገኘ።

ከሰዓት በኋላ ታኬታውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ማሽኑ አብሮት አይወጣም። ኮታ አለ። ኮታ ካልሞላ ስብሰባ አለ፤ ስብሰባ ካለ ደግሞ ማንም በጊዜ ቤቱ አይገባም። ስለዚህ በረድፉ ያሉት ሴቶች ማሽኑን ይከፋፈሉለታል። የረድፉ ኃላፊ የሺመቤት ናት፤ ድምጿ ከማሽን ጩኸት በላይ የሚሰማ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት። ከጎኗ ተናኜ አለች፣ ቀጥሎ ትርሓስ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ከራሳቸው ማሽን ወደ እሱ ማሽን እየተመላለሱ ክር ሲበጠስ ይቀጥሉለታል፣ ጥቅሉ ሲያልቅ ይተኩለታል። ከእነዚህ ሴቶች አንዷም ዓለምሰገድ ሲጫወት አይታ አታውቅም። እንዴትስ ታያለች? እሱ ሜዳ ላይ የሚሆነው እነሱ እሱ ማሽን ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ነው።

«ትናንት ስንት አገባህ?» ትለዋለች የሺመቤት በማግስቱ።

«ሁለት፣ እትዬ የሺ።»

«አንዱ የኔ ነው። አንዱን ለእነተናኜ አካፍል።»

በየዓመቱ ግን ሑዳዴ ይገባል። የፋብሪካዎች ውድድር የሚካሄደው በሥራ ቀን ስለሆነ ስለቱ የማይነካቸው ቅዳሜና እሑድ ብዙም አይጠቅሙትም። ጨዋታ የሚጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ስለቱ የሚፈታው አሥራ አንድ ላይ። ስለዚህ ዓለምሰገድ መጀመሪያ ላይ ይሮጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይራመዳል፣ ከእረፍት መልስ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ይቆማል። ከሜዳው ዳር «ዓለሜ፣ በርጩማ እናምጣልህ?» የሚል አይጠፋም። የተቃራኒ ቡድን ተከላካዮች ሑዳዴ ሲገባ በጣም ይወዱታል።

አንድ ዓመት፣ ጾሙ ገብቶ ትንሽ እንደተገፋ፣ አሰልጣኙ ጋሽ ዋቅጅራ ከልምምድ በኋላ ለብቻው ጠራው። ጋሽ ዋቅጅራ ከወለጋ የመጣ ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው። ጴንጤ ነው እየተባለ ይታማል፤ እሱም አይክድም፣ አያምንም። ጊዜው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውጅበት አልነበረም።

«የሚመጣው ሐሙስ አንድ ሰው ሊያይህ ይመጣል» አለው።

«ከየት?»

ጋሽ ዋቅጅራ የክለቡን ስም ነገረው። ዓለምሰገድ የሰማውን ለማመን ግድግዳ መደገፍ አስፈለገው። በዚያ ክለብ ያለ ተጫዋች ጆንያ አይሸምንም፣ ኳስ ብቻ ይጫወታል። እሑድ እሑድ በሬዲዮ ስሙ ይጠራል። ልጅ ሆኖ በአጥር ሾልኮ ስታዲየም የገባው እነሱን ለማየት ነበር።

«ሰውየው የሚመጣው አንዴ ነው። ሌሎች ሁለት ልጆችም የሚያያቸው አሉ። ከእረፍት በኋላ እንደ ልማድህ ከቆምክ፣ እዚሁ ቆመህ ትቀራለህ።»

«ስለት አለብኝ እኮ ጋሼ። ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ስለ ስለት የምነግርህ የለኝም፣ ሃይማኖቴም አይደለም። ስለ እግር ግን አውቃለሁ። እግር ካልበላ አይሮጥም። ሂድና ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማከር።»

ዓለምሰገድ በዚያው ወደ ቤት ሄዶ ለእናቱ ነገራት፤ እናቱም የንስሐ አባታቸውን መምሬ ገብረሰንበትን አስጠራች። መምሬ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሚካኤል እግርህን ሲሰጥህ እግርህን እንድታስርበው ጠየቀህ?» አሉት።

«አልጠየቀኝም አባ፤ ራሴ ነኝ።»

«እንግዲህ አፍህ ያመጣብህ ነው። እኔ ልፈታልህ አልችልም፣ ለኔ አልተሳልክማ። ጾሙን እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ትጾማለህ። ሰዓቱን ግን… ሰዓቱን በአንተ ፈንታ ወዶ የሚሸከም ሰው ቢገኝ፣ በፍቅር እስከሆነ ድረስ ሚካኤል የሚቀየም አይመስለኝም።»

«የእኔን ረሃብ ማን ወዶ ይሸከማል?» አለ ዓለምሰገድ። ወይዘሮ አፀደ ጥግ ተቀምጣ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ነገር እያሰላች መሆኑን ልጇ ያውቃል፤ የዚያን ቀን ግን ልብ አላለም።

በማግስቱ የሚካኤል ማኅበር ነበር። የሺመቤትም፣ ተናኜም፣ ትርሓስም፣ ሌሎቹ የረድፉ ሴቶችም የእናቱ ማኅበርተኞች ናቸው። ወይዘሮ አፀደ ከማኅበር ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «ሰው ተገኝቷል» አለችው።

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ? በዚህ ጨጓራሽ? በጭራሽ አይሆንም!»

«እኔ አይደለሁም። ማን እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ፣ አልናገርም ብዬ ምያለሁ። መምሬም ያውቃሉ። አንተ ብላ።»

በላ። ጠዋት በሶ በጥብጣ ሰጠችው፣ የሱፍ ፍትፍት አቀረበችለት። መጀመሪያ ቀን ጉሮሮው ላይ ተናነቀው፤ ሁለተኛ ቀን ወረደለት፤ ከዚያ በኋላማ ይጨመርልኝ ማለት ጀመረ። ምሳ ሰዓት በሠራተኛው ክበብ ገብቶ ሽሮውን ሳህኑ እስኪያንጸባርቅ ይጠርጋል። ወንድ ልጅ ሲበላ ዙሪያውን አያይም፤ ዓለምሰገድም አላየም። ቢያይ ኖሮ ከረድፉ ሴቶች አንዷ ሳህኗን ይዛ ወደ መጋዘኑ ስትሄድ፣ ሌላዋ ወደ ጓሮ ስትዞር፣ ሌላዋ «ራሴን አሞኛል» ብላ ከጆንያ ክምር ጀርባ ስትጋደም ያስተውል ነበር። እሱ ያስተዋለው ሜዳ ላይ ጉልበቱ መጨመሩን ብቻ ነው። ጋሽ ዋቅጅራም አየውና «ደህና» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ያስተዋለው ሌላ ሰው ነበር። የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ገሰሰ ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ አሁን ከቃላት ሁሉ «አሻጥር» የምትለውን ይወዳል። ማሽን ሲበላሽ አሻጥር ነው፣ መብራት ሲጠፋ አሻጥር ነው፣ የቢሮው ወንበር እግር ሲወላልቅም አሻጥር ነው። የክበቡ ኃላፊ «ከሽመና ረድፍ የሚመለሰው ሳህን እንደ ሞላ ነው የሚመለሰው» ብሎ ሲነግረው ጓድ ገሰሰ ቀጥ ብሎ ተነሳ። በእውነትም የምግብ አድማ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ሰው ከዚያ ባነሰ ጠፍቶ ቀርቷል።

ረቡዕ፣ የጨዋታው ዋዜማ ነው፣ ከምሳ በኋላ ረድፉ በሙሉ ክበብ ውስጥ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ዓለምሰገድም ገባ፣ ጋሽ ዋቅጅራም ገባ። ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሽሮ የያዙ ሳህኖች ተደርድረዋል። ጓድ ገሰሰ አንዱን አነሳና ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ጓዶች! ይህ ምንድን ነው?»

«ሽሮ ነው» አለች የሺመቤት።

«ሽሮ መሆኑን አጥቼው አይደለም! ለምን አልተበላም?»

ጓድ ገሰሰ ዓይኑን በረድፉ ላይ አዞረ።

«ጓድ ተናኜ፣ ያንቺ ለምን አልተበላም?»

«አልራበኝም፣ ጓድ።»

«ጓድ ትርሓስ?»

«እኔም አልራበኝም።»

«ረድፉ በሙሉ በአንድ ቀን ረሃብ ጠፋበት? ማን ነው ያደራጃችሁ?»

ከጓድ ገሰሰ ይበልጥ የተገረሙት ግን ራሳቸው ሴቶቹ ነበሩ። ተናኜ የሺመቤትን አየቻት፣ የሺመቤት ትርሓስን አየቻት፤ ሁሉም «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ?» በሚል ዓይን ነው የሚተያዩት። ዓለምሰገድ ከኋላ ቆሞ ይህን መተያየት አየ። ከዚያ ሳህኖቹን አየ። ከዚያ እናቱ ከማኅበር ስትመለስ የነበራትን ፊት አስታወሰ።

«ካልተናገራችሁ ነገሩ ወደ በላይ አካል ይሄዳል» አለ ጓድ ገሰሰ። «እስኪጣራ ድረስ ልምምድ የለም፣ ጨዋታም የለም። ከዚህ ፋብሪካ ወደ ሌላ ክለብ የሚሄድ ሰውም አይኖርም!»

የመጨረሻዋ ለማን እንደተወረወረች ሁሉም ያውቃል። ያለ ጓድ ገሰሰ ፈቃድ ማንም ከፋብሪካው ንቅንቅ አይልም። ዓለምሰገድ ዝም ቢል ሴቶቹ በእሱ ምክንያት መከራ ሊያዩ ነው። ቢናገር ደግሞ፣ በዚያ ዘመን በስብሰባ መሐል ስለ ስለትና ስለ ሚካኤል ማውራት በገዛ እጅ በሩን መዝጋት ነው፤ ያውም ነገ ሊከፈት የነበረውን በር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የፈራው ለበሩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለሴቶቹ ከፈራው በላይ ለበሩ ፈርቷል። ቢሆንም እጁን አወጣ።

«ጓድ ገሰሰ፣ አድማ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ ያደራጀኸው?»

«አላደራጀሁም። እግሬ የተሰበረ ጊዜ ስለት ተሳልኩ፤ ሑዳዴን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልጾም። ስጾም መሮጥ አቃተኝ። ለነገው ጨዋታ ብዬ ሰሞኑን እኔ ስበላ ነበር። እነሱ…» ወደ ሴቶቹ ዞረ። «እነሱ በኔ ፈንታ እየጾሙልኝ ነው መሰለኝ። አላወቅኩም። በእውነት አላወቅኩም።»

ከዚያ የሺመቤት ወደ ተናኜ ዞረች።

«ቆይ፣ አንቺም?»

«አፀደ እኮ ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ!» አለች ተናኜ።

«ለኔ ብቻ ነው ያለችኝ!» አለች ትርሓስ። «ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች!»

«እኔንስ በሚካኤል ፊት አይደል ያስማለችኝ!»

ከየአቅጣጫው «እኔንም»፣ «እኔንም» ተባለ። ወይዘሮ አፀደ ማኅበርተኞቿን አንድ በአንድ ጓዳ እየጠራች፣ እያንዳንዷን ብቻዋን የልጇ ተሸካሚ አድርጋት ኖሯል። ልጇ ኋላ ሲጠይቃት «አንዷ ቢያማት ሌላዋ እንዳለች ብዬ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ነው ያለችው። ሴቶቹ መጀመሪያ ተኮራረፉ፣ ከዚያ የሺመቤት ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ዓለምሰገድ ብቻ አልሳቀም። ጠዋት ጠዋት የጠጣው በሶ ሁሉ አንድ በአንድ እየታየው ነበር።

ጓድ ገሰሰ ሳህኑን እንደያዘ ቆመ።

«ለአንድ እግር» አለ በመጨረሻ፣ «ለአንድ እግር ይህ ሁሉ ሆድ?»

ጓድ ገሰሰ ዓይኑን ከሴቶቹ ላይ ለማንሳት ሲል በሳህኖቹ ላይ አንከራተተና ከዳር ያለችው ላይ ቆመ። «ጓድ ዋቅጅራ፣ ይህ ያንተ ሳህን አይደለም? አንተ ደግሞ ለማን ነው?»

«የኔ ጨጓራ ነው፣ ጓድ» አለ ጋሽ ዋቅጅራ ፊቱን ሳይለውጥ።

በዚህ ጊዜ ጓድ ገሰሰ ራሱ ሳቀ። ሲስቅ የቀድሞው መምህር ብቅ አለ። ሳህኑን አስቀመጠ፣ ኮቱን አስተካከለና እንደገና ኃላፊ ሆነ። «በዚህ ፋብሪካ የምግብ አድማ አልተደረገም። የታየው ጊዜያዊ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ነው። ስብሰባው አብቅቷል!» ብሎ ወጣ። በዓለምሰገድ በኩል ሲያልፍ ግን ጎንበስ ብሎ «ነገ ካላገባህ አሻጥር ነው የምለው» አለው። በዚያ ዘመን ብዙ ጓዶች ብዙ ክፉ ነገር ሠርተዋል፤ ጓድ ገሰሰ በዚያች ቀን የሠራውን ዓለምሰገድ ዕድሜ ልኩን ሲመርቅለት ኖሯል።

ሐሙስ ደረሰ። ጓድ ገሰሰ «ለስፖርት ቅስቀሳ» ብሎ የሽመናውን ረድፍ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ለቀቀው። ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ መጡ። ምሳ አልበሉም፤ የጀመሩትን መጨረስ አለባቸዋ። ከንፈራቸው ደርቆ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጥለው ከመስመሩ ዳር ተቀመጡ። የሺመቤት የጨዋታውን ሕግ ስለማታውቅ ኳስ ወደ ላይ በተመታ ቁጥር እልል ትላለች፤ የራሳቸው ቡድን ላይ ሲገባም እልል ብላ ተናኜ ጎሸመቻት።

ዓለምሰገድ እስከ እረፍት ሮጠ። ከእረፍት በኋላም ሮጠ። ተከላካዩ «ሑዳዴ አይደለም እንዴ?» ብሎ ተማረረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀር ከማዕዘን የተሻማ ኳስ መጣ፤ ከላይ አውሮፕላን እያለፈ ስለነበር ማንም የማንንም ጥሪ አልሰማም። ዓለምሰገድ ከሁሉም በላይ ዘለለና በቴስታ አገባ። ኳሱ መረቡን ሲመታ ድምፅ አልተሰማም። አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ የተሰማው የሴቶቹ እልልታ ነው።

ሊያየው የመጣው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጋሽ ዋቅጅራ ቀረበ። «ይሄን ልጅ ምን እያበላችሁት ነው?»

«እሱ የበላው እንኳን ብዙ አይደለም» አለ ጋሽ ዋቅጅራ። «ሌሎች ያልበሉት ነው የሚበዛው።»

ሰውየው አልገባውም። ዓለምሰገድን ግን ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የስታዲየም ሰው ያውቀዋል። ዓለምሰገድ ጆንያ መሸመን አቆመና ኳሰኛ ብቻ ሆነ። የስታዲየሙ ካታንጋ፣ ደጋፊው የሚጮኽበት፣ በስሙ ዘፈነ፣ ሬዲዮ ጠራው፣ ለአገሩ ማሊያም ለብሶ ባሕር ማዶ ተሻገረ። በጎደለበት ቀን ደግሞ ያው ካታንጋ ሰድቦታል፤ ኳስ እንዲህ ነው። ለፋሲካ በግ እያስነዳ ወደ ፋብሪካው መሄድን ግን አላስታጎለም። ለየሺመቤት የመጀመሪያ ማሊያውን ሰጣት፤ እሷም ከዓመት በዓል በቀር አታወጣውም። «እትዬ የሺ፣ እኔ ማለት እናንተ ናችሁ» ይላታል። «እሱንማ እናውቃለን፣ በጉ ግን ከአምናው ከሳ» ትለዋለች።

ስለ ስለቱ በሁለተኛው ዓመት እናቱን ጠይቋት ነበር። «እሱ ነገር በመምሬ በኩል ተስተካክሏል፤ አንተ ብላ» አለችው። ሰው ደስ የሚለውን መልስ ሲያገኝ ጥያቄ አይደግምም። እሱም መምሬ በጸሎታቸው ያስፈቱለት መሰለውና በየሑዳዴው ጠዋት ጠዋት በሶውን እየጠጣ፣ ልቡም እያመሰገነ ዓመታቱን ተጫወተ።

በመጨረሻ ጉልበቱ እንቢ አለ። ሐኪሙ ነገረው፣ ክለቡም በክብር ሸኘው። ዕለቱ የሑዳዴ ማክሰኞ ነው። ዓለምሰገድ ከክለቡ ጽሕፈት ቤት እንደወጣ ለማንም ሳይነግር ወደ ገርጂ ወረደ። ያ ሁሉ ዕድሜ የተጀመረው እዚያ ነውና ማብቃቱንም መጀመሪያ ሊሰሙ የሚገባቸው እነሱ ናቸው ብሎ ነው።

የደረሰው ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ከክበቡ የሽሮ ሽታና የሴቶች ጫጫታ ይመጣል። ከደጁ ግን ትርሓስ ብቻዋን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ፀጉሯ ሸብቷል።

«እትዬ ትርሓስ፣ ምነው ምሳ አትገቢም?»

«ውይ ዓለሜ! መጣህ?» ብላ ሳመችው፤ ድንገት ስለመጣባት አፏ ቀደማት። «ዛሬ ተራዬ ነው እኮ።»

«የምን ተራ?»

ትርሓስ ያለችውን ልትመልስ አልቻለችም። መሬት መሬት አየች፤ እሱም ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ ዓይኗን ፈለገ።

«የምን ተራ ነው፣ እትዬ?»

«ያኔ ሁላችንም ባንዴ ጾመን ስላጋለጥንህ፣ መምሬ በተራ አድርጉት አሉን። በቀን አንዳችን። ክበቡም ልብ አይል፣ ሥራም አይበደል።»

«ከያኔ ጀምሮ?»

«ኳስ እስካቆምኩበት ቀን ድረስ አይደል ያልከው? አላቆምክማ። ተናኜ ከሞተች ወዲህ የእሷን ቀን ልጇ ይዛላታለች።»

ካታንጋ ሲዘፍንለት፣ ሬዲዮ ሲጠራው፣ ባሕር ማዶ ሆኖ ቁርሱን ሲበላ፣ እዚህ ደጅ ላይ በተራ አንዲት ሴት ተርባ ትቀመጥ ነበር። ተነስቶ ወደ ክበቡ ገባ። የሺመቤት ከሩቅ አይታው እጇን ዘረጋች።

«እትዬ የሺ» አለ፣ «ኳስ አቆምኩ። ዛሬ አቆምኩ።»

የሺመቤት ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። መጀመሪያ ፊቷ አዘነ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ታወሳትና በራ። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ ከማሽን በላይ በሚሰማው በዚያ ድምጿ ወደ በሩ ጮኸች።

«ትርሓስ! አንቺ ትርሓስ! አቁሟል! ግቢ፣ ብዪ!»

ክበቡ በእልልታ ተናወጠ። የማያውቁ አዳዲስ ሠራተኞች «ማን አገባ?» እየተባባሉ ቆሙ። ትርሓስ እየሳቀችና እያለቀሰች ገባች፤ ሳህን ቀረበላት፣ ከዚህም ከዚያም አጎረሷት። ለዓለምሰገድም ቦታ ለቀቁለት፣ የሺመቤት ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ አመጣች። እሱ ግን እጇን ይዞ ሳመውና ቀስ ብሎ መለሰላት።

ወደ ደጅ ወጣ። ትርሓስ የተነሳችበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የዕለቱን ተራ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጾመላት።